ጾሙ፣ ጂሙና የስኳር መድኃኒቱ

አዲስ አበባ ውስጥ ጂም የጀመረ ወጣት ቶሎ የሚሰማው ምክር እንጀራ ትቶ እንቁላልና ዶሮ እንዲያበዛ ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ምክሩ መላ ያጣል። 55 ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል የሚርቅ ሰው ምን ይብላ? ብዙዎች ወይ ልምምዱን ያቆማሉ፣ ወይ ጾሙን ይገድፋሉ። እኔ ሁለቱም አያስፈልግም ባይ ነኝ።

እንጀራን ጥፋተኛ ከማድረጋችን በፊት ማን እንደሚበላው እንይ። እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመ ጥናት የኢትዮጵያውያን የረጅም ርቀት ሯጮችን ምግብ መርምሮ፣ ከሚያገኙት ኃይል 64 በመቶ ገደማው ከካርቦሃይድሬት፣ 12 በመቶ ገደማው ከፕሮቲን እንደሚመጣ አሳይቷል። የበሉትና ያቃጠሉት ግን ተቀራራቢ ነበር። ያንኑ ገበታ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የሚውል ሰው ቢያዘወትረው ትርፉ ቦርጭ ነው።

ጡንቻ መገንባት ለሚፈልግ በቀን በኪሎ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይመከራል፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን 112 ግራም መሆኑ ነው። መቶ ግራም ያልበሰለ ምስር 25 ግራም ገደማ አለው። ምሳና እራት ላይ ይህን ያህል የበላ ግማሹን ሊያገኝ ምንም አይቀረው፤ የቀረውን ከሽምብራ፣ ከባቄላ፣ ከአኩሪ አተር፣ ከኦቾሎኒና ከእንጀራው ራሱ ይሞላል። በእህል ውስጥ የሚያንሰው ላይሲን በጥራጥሬ ስለሚገኝ ምስርና እንጀራ እርስ በርስ ይደጋገፋሉ። ሽሮው ቀጥኖ ዘይት ሲንሳፈፍበት ግን ስሌቱ ይፈርሳል፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ብቻውን 120 ካሎሪ ገደማ ነው። ክብደት ለመቀነስ ጾምን ተስፋ ያደረገ ሰው ሳምቡሳና ቦንቦሊኖ ላይ ሲወድቅ የሚከስረው በዚሁ ነው። ቫይታሚን ቢ12ን በተመለከተ፣ ጉበት ለረጅም ጊዜ ስለሚያከማቸው ጤነኛን ሰው የአንድ ጾም ወቅት አይጎዳውም። ከጾም ውጭም የእንስሳት ተዋጽኦ እምብዛም የማያገኝ ሰው ግን ቢመረመር ይበጀዋል።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ የስኳር ሕመምተኛው ነው። ጠዋት ኢንሱሊን ተወግቶ ወይም ግሊቤንክላሚድ ውጦ እስከ 9 ሰዓት ምግብ ሳይቀምስ የሚቆይ ሰው ስኳሩ ሊወርድ፣ ሊያልበው፣ ሊንቀጠቀጥ፣ ራሱን ሊስት ይችላል። ሲገድፍ ደግሞ ብዙ እንጀራና ስኳር የበዛበት ሻይ ስኳሩን ሽቅብ ይሰደዋል። በረመዳንም ችግሩ ይኸው ነው። ኩላሊቱ የተጎዳ ከሆነ የጂሙ «ፕሮቲን አብዛ» ጭምር ይጎዳዋል። መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥም መፍትሔ አይሆንም። ሐኪሙ መጠኑንና ሰዓቱን ያስተካክልለት፤ የንስሐ አባቱም ሕመሙን ይወቁ፤ ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን በጾም አታስገድድም።

ብዙዎቹ ግን የሚነግራቸው አጥተው ዝም ብለው ይጾማሉ። ስለዚህ የስኳር መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ ሁሉ፣ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ባለው ቀጠሮ፣ «ይጾማሉ? እስከ ስንት ሰዓት?» ብሎ ቀድሞ መጠየቅ አለበት።