ድንጋይ ያልነካው መስታወት

ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ በምትገኘው በአቦቦ፣ በአንድ ወዳጃችን ቤት በእንግድነት አርፈን ሳለን፣ የሳሎኑ የማይከፈት መስኮት መስታወት ተሰንጥቆ ተገኘ። ወሩ መጋቢት፣ ሰዓቱ ከቀትር በኋላ ነበር። በግቢው ኳስ ሲጫወት የዋለ የጎረቤት ልጅ ወዲያው ተጠረጠረ፤ «እኔ አልነካሁትም» ቢልም ሰሚ አላገኘም። እኛ ግን ምስክርነቱን ከራሱ ከመስታወቱ መጠየቅን መረጥን።

በድንጋይ የተመታ መስታወት የተመታበት ነጥብ አለው፤ ስንጥቆቹም ከዚያ ነጥብ እንደ ጨረር በየአቅጣጫው ይሠራጫሉ። በዚህኛው ላይ ግን የሚታየው አንድ ስንጥቅ ብቻ ነበር። ከታችኛው ጠርዝ ቀጥ ብሎ ተነሥቶ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ እንደ ወንዝ ይጠማዘዛል። ይህ የሙቀት ፊርማ ነው።

እንዴት? መስኮቱ ወደ ምዕራብ የዞረ ሲሆን፣ ከጀርባው ጥቁር መጋረጃ ተጋርዷል። የመስታወቱ መካከል በፀሐይ ሲግል፣ በብረቱ ክፈፍ የተሸፈነው ጠርዝ ግን ቀዝቀዝ ብሎ ይቆያል። የጋለው መካከል ሲለጠጥ ጠርዙን ይስበዋል። በመካከልና በጠርዝ ያለው ልዩነት በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በጨመረ ቁጥር በጠርዙ ላይ ያለው ውጥረት እስከ 0.6 ሜጋፓስካል ገደማ ሊያድግ ይችላል፤ 30 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 19 ይጠጋል። ጠርዙ ያልተጎዳ መስታወት ይህን ይችለዋል። እንግሊዛዊው መሐንዲስ ግሪፊዝ በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ግን፣ የመስታወትን ጥንካሬ የሚወስኑት በላዩ ያሉ ጥቃቅን ጭረቶች ናቸው።

ጭረቱን ያገኘነው አሮጌውን ስቱኮ በመሮ ስናነሣ ነው። ስንጥቁ በተነሣበት ቦታ የክፈፉ ብረት ዝጎ አብጧል። ዝገት ከተሠራበት ብረት ይልቅ እጅግ ሰፊ ቦታ ይይዛልና፣ ዓመታት በቆየ ግፊት ጠርዙን አቁስሎታል። አዲሱን መስታወት እንዲሁ ብንገጥመው ኖሮ ያው ዕጣ ይጠብቀው ነበር፤ ከጋምቤላ በጨርቅ ጠቅልለን፣ በቁሙ ጭነን ያመጣነው ድካምም ከንቱ በቀረ።

ስለዚህ ክፈፉን በሽቦ ብሩሽ ፈግፍገን አንቲረስት ቀባነው። መስታወቱን ያስቆረጥነው በየጎኑ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አሳንሰን ነበር። ብዙዎች ይህ ክፍተት የሚተወው መስታወቱ በሙቀት ስለሚያድግ ነው ይላሉ። እስቲ እናስላው፦ 60 ሴንቲ ሜትር መስታወት ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ቢጨምር 0.2 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል፤ ብረቱ ግን ወደ 0.3 ይጠጋል። ክፈፉም መስታወቱም እኩል ከጋሉ የሚብሰው ብረቱ ነው! ክፍተቱ በዋናነት የሚያስፈልገው ለተጣመመ ክፈፍና ለሚመጣው ዝገት ነው። ከሥር ሁለት ትናንሽ የጎማ ቁራጮች አኑረን፣ መስታወቱ ብረት ሳይነካ በስቱኮ ላይ ተቀመጠ። የውጪውን ስቱኮ የዝናብ ውኃ እንዳይቋጥር አዘቅዝቀን ለሰንነው።

ስቱኮውን በመዳፉ አሽቶ ያለሰለሰልን ያው የተጠረጠረው ልጅ ነበር።