ታንኳ ያለው ሰው ምን አለው?

በጆሐንስበርግ መሃል ከተማ፣ ነዋሪው እስከ ዛሬ «ጄፒ» እያለ በሚጠራው ሠፈር፣ በኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ግድግዳ ላይ ብዙ ጊዜ ከሚሰቀሉት ሥዕሎች አንዱ የጣና ሐይቅ ሥዕል ነው። አንድ ሰው በቀጭን ታንኳ ላይ ተቀምጦ በረዥም ዘንግ ይቀዝፋል፤ ከበስተኋላው የደሴት ዛፎች ይታያሉ። ምግቡ እስኪቀርብ ድረስ ሥዕሉን የሚመለከት ሰው ብዙ ነው። «ይህ ታንኳ ከምን ተሠራ? ስንት ጊዜ ያገለግላል? ባለቤቱስ ምን ምን ያደርግለታል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን ከሕፃናት በስተቀር እምብዛም አይገኝም።

እዚህ የተወለዱ ልጆች ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። እንደሚታወቀው ጆሐንስበርግ በትልቅ ወንዝ፣ በሐይቅ ወይም በባሕር ዳርቻ የተቆረቆረች ከተማ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1886 የተመሠረተችው በወርቅ ምክንያት ነው። በከተማዋ ጀልባ ማየት የፈለገ ሰው ዙ ሌክ ሄዶ ለመዝናኛ የሚቀዘፉትን ትንንሽ ጀልባዎች ያያል። የራሱ ጀልባ ያለው ደግሞ ቅዳሜና እሑድ ከመኪናው ኋላ አስሮ ወደ ቫል ግድብ ይጎትታል። ስለዚህ ለጆሐንስበርግ ልጅ ጀልባ ማለት የዕረፍት ቀን ዕቃ ነው።

በጣና ዙሪያ ለሚኖር ድሃ ቤተሰብ ግን ታንኳ የዕለት እንጀራ ነው። ደቡብ አፍሪካ በገባ በመጀመሪያው ወቅት ዕቃ ተሸክሞ በየሎኬሽኑ እየዞረ የሸጠ ሰው ነገሩን በቀላሉ ይረዳዋል። ለእርሱ ያ የትከሻ ሻንጣ ምን እንደነበረ፣ ለጣና ሰው ታንኳው እንደዚያ ነው። ዓሣ ይጠመድበታል፤ ከዘጌና ከደሴቶቹ የማገዶ እንጨት፣ ከሰልና እህል ወደ ባሕር ዳር ገበያ ይጫንበታል፤ ሰውም ይሻገርበታል።

ያለ ምስማር፣ ያለ ሬንጅ

ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ፈረንጆች ፓፒረስ የሚሉት፣ በረግረግና በሐይቅ ዳር የሚበቅልና ከ4 እስከ 5 ሜትር ድረስ ሊያድግ የሚችል ተክል ነው። አገዳው ሦስት ማዕዘን ሲሆን ውስጡ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ ነው። ታንኳውን የሚያንሳፍፈውም ይኸው በአገዳው ውስጥ ያለው አየር ነው።

አሠራሩ ሲታይ ቀላል ይመስላል። ደንገሉ ይታጨድና ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ከዚያ በኋላ እንደ ነዶ እየተጠቀለለ በገመድ ጠበቅ ተደርጎ ይታሰራል። ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተጋጥመው እንደገና ይታሰራሉ፤ ፊቱ እየቀጠነ ወደ ላይ ቀና ይላል፤ በግራና በቀኝ ጎኑ ከፍ ይደረጋል። በመሐሉ ሌላ የደንገል ጥቅል ይጋደምበታል። ተሳፋሪው የሚቀመጠው፣ ዕቃውም የሚጫነው ከዚህ ጥቅል ላይ ነው፤ አለዚያ ሁሉም ይረጥባል። በዚህ ሁሉ ሥራ ውስጥ ምስማር የለም፣ ሳንቃ የለም፣ ሬንጅ የለም።

የእንጨት ወይም የብረት ጀልባ የሚንሳፈፈው ውኃ እንዳይገባበት ስለተከለከለ ነው። ከተበሳ ይሰምጣል። ታንኳ ግን ከመጀመሪያውም ውኃ በየቀዳዳው ይገባበታል፤ የሚንሳፈፈው ደንገሉ ራሱ ቀላል ስለሆነ ነው። በመሆኑም ታንኳ በአንድ ጊዜ ሰምጦ ባለቤቱን ጉድ አያደርገውም። ጠላቱ ሌላ ነው፤ ቀስ በቀስ ውኃ ይጠጣል።

የባለ ታንኳ ውሎ

የታንኳ ባለቤት ዋናው ሥራ ከመቅዘፍ ይልቅ ማድረቅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ከሐይቅ እንደተመለሰ ታንኳውን ጎትቶ ከውኃ ያወጣል፤ አቁሞ ወይም ከፍ ባለ ነገር ላይ አስደግፎ ነፋስና ፀሐይ እንዲያገኘው ያደርጋል። ዛሬ ደክሞኛል ብሎ ውኃው ላይ ትቶት ያደረ እንደሆነ ታንኳው በማግሥቱ ከብዶ ይጠብቀዋል። ቀናት ከቆየ ደግሞ ወደ ታች ዝቅ ይላል፤ ጭነቱ መቀነስ አለበት፤ ቀዛፊውም ለተመሳሳይ መንገድ የበለጠ ጉልበት ያወጣል። ከሥሩ መበስበስ የሚጀምረውም እንዲሁ ነው። በዚህ ምክንያት አቅም ያለው ሰው ሁለት ታንኳ ቢኖረው ይመርጣል፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይደርቃል።

ሁለተኛው ሥራ ማሠሪያውን መከታተል ነው። ደንገሉ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፤ ይህ ሲደጋገም ገመዱ ይላላል። የላላ ገመድ በጊዜው ካልጠበቀ አንዱ ነዶ ከሌላው ይላቀቃል፤ የተሰባበረ አገዳም ተስቦ ይወጣል። ሦስተኛው ጭነቱን ማስተካከል ነው። ወደ አንድ ጎን ያደላ እንጨት ታንኳውን ያዘነብላል። አራተኛው ሰዓት መምረጥ ነው። ጣና ወደ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ ግን በአማካይ ከ10 ሜትር የማይበልጥ ሐይቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውኃ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበሉ ፈጥኖ ይነሣል። ልምድ ያለው ቀዛፊ ሐይቁ ጸጥ ባለበት በማለዳ ይወጣል፤ ዳርቻውንም ብዙ አይርቅም።

ይህ ሁሉ ተደርጎለት ታንኳው የሚያገለግለው ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ነው። ከዚያ በኋላ ይጣልና ሌላ ይታሰራል። እንግዲህ ባለ ታንኳ የሆነ ሰው አንድ ጊዜ ገዝቶ የሚገላገል አይደለም። በዓመት ውስጥ ደጋግሞ አዲስ ባለቤት ይሆናል። ይህን የሚችለውም ሁለት ነገር ስላለው ነው፤ አንደኛው ደንገል የሚበቅልበት ዳርቻ፣ ሁለተኛው ማሠር የሚያውቅ እጅ።

ሌላው ዓለምስ?

ጀልባ የትም ቦታ ቢሆን ያለ ጥበቃ አይኖርም። በእንግሊዝ ሀገር ስፋታቸው 2 ሜትር ያህል ብቻ፣ ርዝመታቸው እስከ 22 ሜትር የሚደርስ ጠባብ ጀልባዎች አሉ። ድሮ የድንጋይ ከሰልና ሸቀጥ በቦይ ያመላልሱ ነበር። ዛሬ ብዙዎች የለንደንን የቤት ኪራይ ሸሽተው ይኖሩባቸዋል። ይሁን እንጂ ርካሽ ቤት አገኘሁ ብሎ የገባ ሰው ወዲያው ሒሳቡ ይመጣበታል። በየዓመቱ ፈቃድ ማውጣት፣ በየ4 ዓመቱ የደህንነት ምርመራ ማስደረግ፣ በየ2 ወይም በየ3 ዓመቱ ጀልባውን ከውኃ አውጥቶ የብረቱን ሆድ ዝገት እንዳይበላው ሬንጅ መቀባት፣ መፀዳጃውን ራሱ ማስወገድ ይኖርበታል። ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ደግሞ በአብዛኛው በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ መቆየት አይፈቀድለትም። በደቡብ አፍሪካም ቢሆን በቫል ግድብ ላይ ሞተር ጀልባ የሚነዳ ሰው እንደ ሞተሩ ጉልበት የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል፤ ጀልባውም ይመረመራል።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። የእንግሊዙ ባለ ጀልባ ሬንጁን ከሱቅ ይገዛል፤ ሱቁ ነገም ይኖራል። የጣናው ባለ ታንኳ ግን መለዋወጫው የሚበቅለው ከሐይቁ ዳር ነው። ዳርቻው ከጠፋ የሚገዛበት ሱቅ የለም።

ሞተር ይሻላል?

ከጆሐንስበርግ ለቤተሰቡ ገንዘብ የሚልክ ሰው «ለወንድሜ ታንኳውን ትቶ ሞተር ጀልባ እንዲገዛ ለምን አልረዳውም?» ብሎ ቢያስብ ተገቢ ነው። በጣና ላይ በሞተር ጀልባና በናይሎን መረብ ዓሣ ማጥመድ የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1986 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት አጥማጁ በታንኳ ስለሚሠራ ከዳርቻው ብዙ አይርቅም ነበር። ሞተሩ ሩቅ አድርሶ ይመልሳል፤ ብዙ ይጭናል፤ ነፋስንም ይቋቋማል።

ነገር ግን ወጪው በግዢው ቀን አያበቃም። ሞተር ቤንዚን ይፈልጋል፤ ካንዴላ፣ ዘይትና ፕሮፔለር ይፈልጋል፤ መካኒክም ይፈልጋል። አንድ ዕቃ ቢሰበርና መለዋወጫው በከተማው ባይገኝ ጀልባው ዳር ላይ ቆሞ ይከርማል። ስለሆነም ገንዘብ ላኪው ከጀልባው ዋጋ ጋር የአንድ ዓመት የነዳጅና የጥገና ወጪን አብሮ ቢያሰላ፣ ጀልባውንም ለብዙ ሰው በማኅበር ማድረግ ይቻል እንደሆነ ቢጠይቅ ይበጀዋል። ታንኳ ደግሞ ቤንዚን ገዝቶ መቀጠል ለማይችለው ሰው ብቸኛው መጓጓዣ ሆኖ ይቀራል። ጉዳዩ እርሱ የሚያስረው ደንገል ይኖረዋል ወይ ነው።

ግብፅ ያጣችው

ይህ ፍርሃት ባዶ አይደለም። የጥንት ግብፃውያን በመቃብሮቻቸው ግድግዳ ላይ የደንገል ጀልባ ይሥሉ ነበር። ሆኖም የኖርዌዩ ተጓዥ ቶር ሄየርዳል እ.ኤ.አ. በ1969 «ራ» የተባለችውን የደንገል ጀልባ በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ ባሠራ ጊዜ፣ ከግብፅ የዓባይ ዳርቻ በዱር የሚበቅለው ደንገል ጠፍቶ ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ደንገሉ የመጣው ከጣና ሐይቅ ነበር። የሠሩትም ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ናቸው። ያች ጀልባ ወራት በማይሞላ ጊዜ ትበሰብሳለች የተባለውን ግምት አልፋ በአትላንቲክ ላይ ብዙ ተጓዘች፤ ግን የኋላ ክፍሏ እየሰመጠ ስለሄደ ከመድረሷ በፊት ተተወች። ለስሕተቱ አንዱ ምክንያት በጥንቱ ሥዕል ላይ የሚታየው፣ የኋላውን ጫፍ ወደ ላይ ወጥሮ የሚይዘው ገመድ መቅረቱ ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1970፣ «ራ ሁለት» ከሞሮኮ ተነሥታ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። አንድ ገመድ ስንት ዋጋ እንዳለው የጣና ታንኳ ሠሪ ያለ አትላንቲክ ያውቀዋል።

ይህን ዕውቀት ከአባት ወደ ልጅ ሲያስተላልፉ ከኖሩት መካከል ቀዳሚዎቹ በሐይቁ ዙሪያ የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ናቸው። ድሮ ጉማሬ ያድኑና ይበሉ ስለነበር በጎረቤቶቻቸው ዘንድ ሲናቁ ኖረዋል። ሥራቸውን የሚፈልገው ሰው ከእነርሱ ጋር ለመብላት ይጸየፍ ነበር። በሰው ሀገር ስለ ትውልዱ የተናቀ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አያጣውም።

ዳርቻው

ዛሬ የደንገሉ ጠላት ብዙ ነው። ውኃው ሲሸሽ ዳርቻው ይታረሳል፤ ከተማ ይስፋፋል፤ ደንገሉም ከሚተካው በላይ ይታጨዳል። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ላይ የተሠራው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ እ.ኤ.አ. ከ1996፣ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ደግሞ ከ2010 ጀምሮ የሐይቁን ከፍታ ይነካሉ። በ2003 ውኃው እጅግ ዝቅ ባለ ጊዜ ትላልቆቹ ጀልባዎች እንኳ ሥራ ለማቆም ተገደው ነበር። በ2011 ደግሞ እምቦጭ በሐይቁ ላይ መታየቱ ተረጋገጠ። እምቦጭ ለታንኳም ለሞተርም አይመለስም፤ መቅዘፊያን ይይዛል፣ በፕሮፔለር ላይ ይጠመጠማል፣ መረብን ይሸፍናል።

እምቦጭን ለማየት ጣና መሄድ አያስፈልግም። በኤሊስ ፓርክ ስታዲየም አካባቢ የሚነሣው ዩክስኬ ወንዝ የጆሐንስበርግን ቆሻሻ ይዞ በክሮኮዳይል ወንዝ በኩል ወደ ሃርትቢስፖርት ግድብ ይደርሳል። በዚያ ግድብ ላይ ለዓመታት እንደ አረንጓዴ ምንጣፍ ሲነጠፍ የታየው ያው እምቦጭ ነው። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ተክል ሲሆን ቆሻሻ የገባበት ውኃ ያወፍረዋል። የሮድስ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ከ2018 ጀምሮ የእምቦጩን ጭማቂ የሚመጡ ትንንሽ ነፍሳት በግድቡ ላይ እየለቀቁ ሲታገሉት ቆይተዋል። ስለ ጣና የሚቆረቆር የጆሐንስበርግ ነዋሪ እንግዲህ አንድ ሰዓት ያህል በመኪና ተጉዞ የዚያውኑ በሽታ ምልክት ሊያይ፣ ልጆቹንም ሊያሳይ ይችላል።

ለሀገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ጀልባ ሊገዛ ይችላል፤ ዳርቻ ግን አይገዛም። ዳርቻ የሚጠበቀው እዚያ ያሉት ገበሬው፣ አጥማጁና ታንኳ ሠሪው ሲስማሙ ነው። ወደ ባሕር ዳር ለዘመድ ጥየቃ የሚሄድ ሰው ታንኳ ሠሪውን ቆም ብሎ ቢጠይቀው፣ ለሥራውም ተገቢውን ዋጋ ቢከፍለው፣ ለዘመዶቹም «ደንገሉን አትረሱት» ቢል ትንሽ ነገር አይደለም።

አንድ የደንገል አገዳ ብቻውን ልጅ እንኳ ይሰብረዋል። ተጠቅልሎ ሲታሰር ግን ሰውና እንጨት ተሸክሞ ሐይቅ ያሻግራል። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን አባባል ለልጁ ማስረዳት የቸገረው አባት ካለ፣ በምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ሥዕል ያሳየው።