የሰሊጥ ንግድና የኮኪት ወጣቶች ሥራ

በዛሬው ዘመን ንግድ ማለት ዕቃ መግዛትና መሸጥ ብቻ አይደለም፤ የሌላውን ሒሳብ መያዝ፥ መዝገቡን ማደራጀት፥ ጥያቄውን ተቀብሎ መመለስም ራሱን የቻለ ንግድ ሆኗል። አክሰንቸር የተባለው ዓለም አቀፍ የምክር አገልግሎት ኩባንያ በሕንድ አገር ብቻ ከ300 ሺሕ በላይ ሠራተኞች አሉት፤ ብዙዎቹም ባገራቸው ተቀምጠው የባሕር ማዶ ደንበኛ ያገለግላሉ። ከዚህ የምናገኘው ትምህርት፥ ሠራተኛው ወደ ሥራው ከሚሰደድ ሥራው ወደ ሠራተኛው ቢመጣ ይሻላል የሚል ነው።

ይህ ለኮኪት ምን ይጠቅማል የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ኮኪት ከገንደ ውኃ ወደ መተማ ዮሐንስ በሚወስደው መንገድ ላይ ስትገኝ፥ ዙሪያዋ የሰሊጥና የጥጥ አገር ነው። ሰሊጥ የደረሰ እንደ ሆነ ፍሬው ሳይረግፍ በጥቂት ሳምንታት መታጨድ ስላለበት፥ ከደጋው እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ይወርዳል። አጨዳው ሲያልቅ ግን ሠራተኛው ይበተናል። ብዙ የማበጠሪያ ፋብሪካ ያለው በአዲስ አበባና በአዳማ ስለ ሆነ፥ ከጆንያው ጋራ የዓመቱ ሥራ አብሮ ተጭኖ ይሄዳል።

በአዋጅ ቁጥር 550/1999 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ግብይት ከጀመረ ወዲህ፥ በመተማ የሰሊጥ መቀበያ መጋዘን መከፈቱ ሌላ መንገድ አሳይቷል። በመጋዘን ናሙና የሚያወጣ፥ ጥራቱን መርምሮ ደረጃ የሚሰጥ፥ የሚመዝንና ደረሰኝ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ይህም በማጭድ ሳይሆን በትምህርት የሚሠራ፥ የአካባቢው ተማሪ ሠልጥኖ ሊይዘው የሚችል ሥራ ነው። ገበያው የኤሌክትሮኒክስ ግብይት ከጀመረ በኋላም በሐዋሳ ማዕከል መክፈቱ፥ መገበያየቱ ራሱ ከአዲስ አበባ ውጭ ሊካሄድ እንደሚችል አስረድቷል።

ጉዳዩም የሚያስቸኩል ነው። መተማ ወደ ሱዳንና ከዚያም አልፈው ለሚሰደዱ ወጣቶች ከቆየ ጀምሮ መውጫ በር ናት፤ ነገር ግን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ የመንገዱ አደጋ በርትቷል። በወገናችንም በኩል ጸጥታ የታወከ እንደ ሆነ ጭነቱም ሥራውም ይቆማልና፥ ሰላም የሁሉ መሠረት ነው።

እንግዲህ ላኪዎች ማበጠሪያ ለመትከል ሲያስቡ የእርሻውን አካባቢ ቢመለከቱ፥ አስመጪዎችም መኪናውን ሲያስመጡ የሚጠግነውን የአካባቢ ልጅ አብረው ቢያሠለጥኑ መልካም ነው። ባለሱቆችም ከዚህ ድርሻ አላቸው፤ ደመወዝ ዓመቱን ሙሉ በሚከፈልበት ከተማ፥ አጨዳው ካለፈ በኋላም የሚገዛ ደንበኛ አይጠፋምና።