የመጁ ዕረፍትና በእጅ የቀሩ ሥራዎች

ሞተር ወፍጮ በገባበት አገር ሁሉ የእናቶች ድካም አብቅቷል ሲባል እንሰማለን። ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሹን ብቻ የሚናገር ነው። እንደ ጋዝጊብላ ባለ ተራራና ገደል በበዛበት በዋግ አገር፥ ሞተር ከሰው እጅ የወሰደው ሥራና የተወው ሥራ ተለይቶ ይታያል።

የእጅ ወፍጮን የማያውቅ ወጣት በከተማ ስለ በዛ ጥቂት እናስረዳ። ወፍጮው ከታች ተደላድሎ የሚቀመጠው ሰፊ ድንጋይ ሲሆን፥ መጁ በሁለት እጅ ተይዞ በላዩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚገፋው ነው። ፈጪዋ ከወገቧ ጎንበስ ብላ በትከሻዋና በክንዷ ትገፋለች። የቤተ ሰቡን ዱቄት ለማድረስ ሰዓታት ስለሚፈጅባት ዶሮ ሳይጮኽ ትነሣለች። ድንጋዩ ሲለሰልስ ደግሞ መወቀር አለበት። ከ2000 ዓመት ገደማ በፊት የተሰሎንቄው አንጢጳጥሮስ የተባለ የግሪክ ባለቅኔ፥ የውኃ ወፍጮ መጥቷልና ፈጪ ሴቶች ይረፉ ብሎ የተቀኘው ይህንኑ ድካም አይቶ ነው።

ሞተር ወፍጮ የሰዓታቱን ሥራ በደቂቃ ይጨርሳል። ይሁን እንጂ እህሉ ወደዚያ ከመሄዱ በፊት መበጠርና መለቀም አለበት፤ ገብስ ከሆነም በሙቀጫ ተሸክሽኮ ገለባው ይራገፋል። ይህ ሁሉ የእናትና የሴት ልጅ ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ሸክሙም አለ፤ ዳገት ወጥቶ፥ ቁልቁለት ወርዶ፥ ተራ ጠብቆ መመለስ አለ። (የሞተሩ ድንጋይ ራሱ ሲደነዝ በመዶሻ የሚወቅረው ሰው መሆኑን አንባብያን ልብ ይበሉ።) ተራ ስትጠብቅ የትምህርት ሰዓት የሚያልፋት ልጅ ከመጁ ብታርፍም ከወፍጮ አላረፈችም። ጆንያውን በአህያ ጭኖ ወንድሟ ቢሄድ ምን ነውር አለው?

ጠጠርን ከእህል መለየት ለመኪና የማይቻል ሆኖ አይደለም። በካሜራ እያየ መጥፎውን ፍሬ በአየር ግፊት የሚያስወግድ መሣሪያ አለ፤ በአገራችንም ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ሰሊጥና ቡና ይለቀምበታል። በዚያ ለቃሚዋ ደመወዝ ስለሚከፈላት ነጋዴው ሒሳቡን አስልቶ መሣሪያውን ገዛ፤ የጓዳው ለቀማ ግን ከፋይ የለውምና ማን ያስብለታል? በእኛ አስተያየት ሥራ ለመኪና የሚሰጠው ከባድ ስለ ሆነ ሳይሆን ድካሙ በገንዘብ ስለ ተቆጠረ ነው።

ሞተርም ቢሆን የሚቆምበት ቀን አለ። በ2013 ዓ.ም. ክረምት የሰሜኑ ጦርነት ዋግን በደረሰ ጊዜ መብራት ተቋረጠ፤ ነዳጅም ጠፋ። ሞተሩ ሲቆም ረኀቡ አይቆምምና ወደ ድንጋዩ መመለስ ግድ ሆነ። ሙሴ በኦሪት ዘዳግም ወፍጮንም መጁንም በመያዣ መውሰድን የከለከለው የቤቱ ነፍስ በእርሱ ስለ ተያዘ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ መጁን ከጓዳ አውጥቶ ለአጥር ድጋፍ ያደረገ ቤት ከጎረቤቱ ይዋሳል፤ ጎረቤቱም ራሱ ፈጭቶ እስኪጨርስ ይጠብቃል።