«በየ8 ሰዓቱ» ማለት በ8 ሰዓት ማለት አይደለም

ባለፈው ሳምንት አመሻሽ ላይ የዝግጅት ክፍላችን ባልደረቦች በኮሚኒቲያችን አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ የሚሰጠውን የሕክምና እንግሊዝኛ ትምህርት ተቀምጠን ተከታትለናል። ተማሪዎቹ አብዛኞቹ በአስተርጓሚነትና በሰፈር ጤና ሠራተኝነት የሚያገለግሉ ወጣቶች ናቸው። አንዲት እናትም አሉበት። «ገመናዬን በሰው ልጅ እያስተረጎምኩ እስከ መቼ?» አሉን።

አገር ቤት ነርስ የነበሩት መምህር ሰሌዳው ላይ «ኤቭሪ ኤይት አወርስ» ብለው ጻፉና ትርጉሙን ጠየቁ። አንዱ ፈጠን ብሎ «በ8 ሰዓት!» አለ። ክፍሉ ሳቀ፤ መምህሩ ግን አልሳቁም። በቀን ሦስቴ መዋጥ ያለበት መድኃኒት በቀን አንዴ ከተዋጠ በሽታው አይድንም፣ ተህዋሲያኑም መድኃኒቱን ይለምዱታል። በዚያ ላይ የሰዓት አቆጣጠራችን አለ። የእኛ 8 ሰዓት በእንግሊዝኛ ወረቀት ላይ 2 ሰዓት ነው። ኬንያ ውስጥ ነርሷ በስዋሂሊ «ሳ ናኔ» ካለችን ከእኛ 8 ጋር ይገጥማል፤ ያንኑ በእንግሊዝኛ ስትጽፈው ቁጥሩ ይለወጣል። ካርድ ላይ «ቢ.ዲ.» ካለ በቀን ሁለቴ፣ «ቲ.ዲ.ኤስ.» ካለ ሦስቴ መሆኑን ስንቶቻችን እናውቃለን?

«ፖዘቲቭ» የሚለው ቃል ሲነሳ ከእኛ መካከል አንዱ ተናዘዘ። ከዓመታት በፊት የጎረቤቱን የአክታ ምርመራ ውጤት «ፖዘቲቭ ነው፣ ጥሩ ነው» ብሎ ተርጉሞለት ነበር። ሰውየው ደስ ብሎት ቤቱ ገባ። ተፈልጎ የተጠራው ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲሆን እስከዚያ ድረስ ከአራት ልጆቹ ጋር በአንድ ክፍል ይተኛ ነበር። በላቦራቶሪ ቋንቋ ፖዘቲቭ ማለት የተፈለገው ጀርም ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ክፍሉ ውስጥ የሳቀ የለም።

ለነገሩ አማርኛችንም ቀላል አይደለም። ውጋት፣ ቁርጠት፣ ማቃጠል እያልን የምንለየውን ሕመም አስተርጓሚው «ፔይን» ብሎ ባንድ ቃል ይጠቀልለዋል። ሐኪሙ ደግሞ መድኃኒት የሚመርጠው በዚያ ልዩነት ነው። «ምች መታኝ» ለሚል ሰው እንግሊዝኛ ቃል ከመፈለግ ትኩሳቱን፣ የከንፈሩን ቁስልና የጀመረበትን ቀን መናገር ይበልጣል። በእኛ አስተያየት መምህሩ የበሽታ ስሞችን በማስሸምደድ የሚያጠፉትን ጊዜ ቀንሰው ለዚህ ቢሰጡት ጥሩ ነበር። ነግረናቸዋል፤ ፈገግ ብለው አለፉን።

ሁለተኛው ሰዓት በስልክ ነበር። ዛሬ የታመመ ሰው ክሊኒክ ከመድረሱ በፊት ኢንተርኔት ከፍቶ ያያል፤ መከልከል አይቻልም፣ ማንበብ ማስተማር ግን ይቻላል። እዚህ ፓራሲታሞል የምንለውን አሜሪካኖች አሲታሚኖፌን ይሉታል፤ ከዘመድ የሚላክልን ታይሌኖልም እሱው ነው። ለአዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም፣ ማለትም ከስምንት ባለ 500 ሚሊግራም ፍሬ ማለፍ የለበትም። ሁለቱን የተለያዩ መስለውት በየ6 ሰዓቱ ሁለት ሁለት ፍሬ የሚውጥ ሰው ግን በቀን 8 ግራም ይወስዳል። ጉበት ይጎዳል፣ ጉዳቱም በመጀመሪያው ቀን ላይታወቅ ይችላል። የአስም መድኃኒቱ ሳልቡታሞልም በአሜሪካ ገጾች አልቡቴሮል ተብሎ ነው የሚገኘው።

መምህሩ የሚያስነብቡት ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ቤተ መጻሕፍት በ1998 እ.ኤ.አ. የከፈተው ሜድላይንፕላስ ሲሆን በአማርኛም የተዘጋጁ ጽሑፎች አሉት። ሌላው በሲያትል የሚዘጋጀው ኤትኖሜድ ነው። ዳታ ውድ ስለሆነ አንዱ ያወርድና ለሌላው በስልክ ያቀብላል፤ እንግሊዝኛውንና አማርኛውን ጎን ለጎን አድርገው ያነባሉ።

በቴሌግራምና በዋትስአፕ ለሚመጣው ደግሞ ጥያቄ አላቸው፤ ማን ጻፈው? መቼ? የሚሸጠውስ ነገር አለ? በ2020 እ.ኤ.አ. ነጭ ሽንኩርት ከኮሮና ያድናል የሚለው መልእክት ሲዞር ስንቶቻችን እንዳስተላለፍነው እናስታውሳለን። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ ያን ጊዜውኑ አስታውቆ ነበር።

ትምህርቱ ሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር። መመዝገቢያ ገንዘብ የለም። ደብተርና ቤት ውስጥ ያለ የመድኃኒት ካርቶን ይዛችሁ ኑ ብለዋል።