ብርድ ነው ሲባል የጠፉ 19 ወራት

ጠዋት ሲነሱ የእጅዎ ጣቶች አልታጠፍ ብለውዎት ያውቃሉ? ለአምስት ደቂቃ ከሆነ ብዙም አያሳስብም። አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ግን ይህን ጽሑፍ ጊዜ ሰጥተው ያንብቡት።

ደብረ ታቦር የምትኖር አክስት አለችን፤ እቴቴ እንላታለን። ለጥምቀት ስሄድ ሊጡን ጎረቤት ስታቦካላት አየሁ። እሷ እጆቿን በጋቢዋ ሸፍና ተቀምጣለች። ምን እንደሆነች ስጠይቃት «ብርድ ነው ልጄ፤ የጉና ነፋስ አጥንቴ ውስጥ ገብቶ ነው» አለችኝ። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናትና እኔም አመንኩ።

ሥራዬ ማርኬቲንግ ነው። ደንበኛ ሱቅ እስኪደርስ የት የት እንደቆመ መቁጠር ልማዴ ስለሆነ፣ በኋላ የእቴቴንም መንገድ በወር ቆጠርኩት። አምስቱ ወር በቅባት፣ በወጌሻና «ይለፍልኛል» በማለት አለፈ። ስድስቱ ከፋርማሲ በሚገዛ ዳይክሎፌናክ። ከዚያ አንድ ጤና ተቋም ዩሪክ አሲዷን ለክቶ «ሪህ ነው» አላት፤ ሥጋ ትታ አምስት ወር ጠበቀች። ሪፈር ተጽፎላት፣ መንገድ እስኪከፈት ተጠብቆ፣ ባሕር ዳር ሐኪም ፊት እስክትቀርብ ደግሞ ሦስት ወር። በድምሩ 19።

እኔ ስናደድ የነበረው በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነበር። ቁጥሩን ሳይ ግን አሥራ ስድስቱ የጠፉት ገና ሪፈር ሳይጻፍ ነው፤ ከእነሱም አሥራ አንዱ እኛው ቤት።

የእቴቴ ሕመም ሩማቶይድ አርትራይተስ ይባላል። የሰውነት መከላከያ የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚመጣ ሲሆን ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ በትንንሽ የጣት መገጣጠሚያዎች ይጀምራል፤ በሁለቱም እጅ ያብጣል፤ ጠዋት ይብሳል፤ ያደክማል። ሪህ ግን ሌላ ነው፤ ብዙ ጊዜ በድንገት አንድ መገጣጠሚያን፣ በተለይ የእግር አውራ ጣትን ይይዛል። ዩሪክ አሲድ ከፍ ማለቱ ብቻ ሪህ አያሰኝም። እኛ አገር ሁሉንም «ቁርጥማት» ማለታችን ለንግግር ይመቻል፤ ለሕክምና ግን አይመችም።

ችኮላው ለምንድን ነው? ሕክምናው በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲጀመር መገጣጠሚያው ከመበላሸት የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው። አንዴ የተበላሸን መገጣጠሚያ ግን መድኃኒት አይመልሰውም። ዳይክሎፌናክ ሕመሙን ያስታግሳል እንጂ በሽታውን አያቆምም፤ ሲዘወተር ጨጓራና ኩላሊትም ይጎዳል።

የመገጣጠሚያ ስፔሻሊስት (ሩማቶሎጂስት) በአገራችን በጣም ጥቂት ነው፤ ያሉትም በአብዛኛው አዲስ አበባ ናቸው። ነገር ግን ሕክምናውን ለመጀመር የግድ እነሱን መጠበቅ የለብዎትም፤ የውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ሊጀምርልዎ ይችላል። ከደብረ ታቦር የሚላክ ሰው 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን፣ አለዚያም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ይሄዳል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካለዎት ሪፈር ወረቀቱን ይዘው ይሂዱ፤ ያለ እሱ ከኪስዎ ሊከፍሉ ይችላሉ። ወረቀቱ ላይ «የመገጣጠሚያ ሕመም» ብቻ ተጽፎ ከሆነ፣ እብጠቱና የጠዋቱ መገተር ስንት ጊዜ እንደቆየ እንዲጨመር በትሕትና ይጠይቁ። ያበጠውን እጅ ጠዋት በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ ከሰዓት ሐኪሙ ሲያየው እብጠቱ ሊቀንስ ይችላል። የወሰዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነማሸጊያው ይዘው ይሂዱ።

ልጆች ላይ ደግሞ ሌላ ችኮላ አለ። ልጅዎ ጉሮሮውን ታሞ ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ከጉልበት ወደ ቁርጭምጭሚት የሚዘዋወር ሕመም ከጀመረው፣ ልብን የሚጎዳው የሩማቲክ ትኩሳት ሊሆን ይችላልና ዛሬውኑ ያሳዩት። እንጥል ማስቆረጥ አይከላከለውም።

እቴቴ አሁን ሜቶትሬክሴት ትወስዳለች፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ እሑድ ማታ። በየቀኑ ቢወሰድ ለሕይወት ያሰጋል፤ ለነፍሰ ጡርም ክልክል ነው። በየጊዜው የደም ምርመራ አላት። ለፋሲካ ስሄድ ሊጡን ራሷ አቡክታ ነበር። የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ግን አይዘረጉም፤ አክንባሎውን የምታነሣላት አሁንም ጎረቤት ናት።