«ዘራፍ!» ከየት መጣ?

«አካኪ ዘራፍ» ዛሬ በአብዛኛው የሚነገረው ለነቀፋ ነው። አለቃ በሠራተኛው ላይ ሲደነፋ፣ ፖለቲከኛ መድረክ ላይ ወጥቶ ሲዝት፣ «አካኪ ዘራፍ አለ» እንላለን፤ ፍሬ የሌለው ጩኸት ነው ለማለት። «ባዶ ፉከራ» የሚባለውም ከዚያው ወገን ነው። የኢትዮጵያ ተዋጊ ወደ ሞት ሲገባ ያሰማው የነበረው ጥሪ በእኛ ዘመን የከንቱ ጉራ መጠሪያ መሆኑ ያሳዝነኛል። ፉከራ ሲጀመር ባዶ አልነበረምና። በምስክር ፊት የሚገባ ቃል ነበር፤ ቃሉን ያጠፈም መግቢያ አልነበረውም።

ቀረርቶ፣ ሽለላና ፉከራ ብዙ ጊዜ ተቀላቅለው ስለሚነገሩ መጀመሪያ እንለያቸው። ቀረርቶ ድምፅን እያስረዘሙ የሚያወርዱት የጀግንነት እንጉርጉሮ ነው። ሽለላ ምት አለው፤ ተቀባይም አለው፤ የተሰበሰበውን ሰው ያነሣሣል። ፉከራ ግን ከዜማ ይልቅ ለንግግር ይቀርባል። አንድ ሰው ብቻውን ተነሥቶ፣ ጦሩን ወይም ጠመንጃውን ጨብጦ፣ ወዲያና ወዲህ እየተንጎራደደ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚያወርደው ነው። ቀረርቶውና ሽለላው ደሙን ያሞቁታል፤ አላስችል ሲለው ከመቀመጫው ብድግ ይልና «ዘራፍ!» ይላል።

ከዚያ በኋላ የሚናገረው ነገር ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ማንነቱን ያሳውቃል፤ የማን ልጅ፣ የማን አሽከር እንደሆነ፣ የፈረሱ ስም ማን እንደሚባል። ቀጥሎ የዋለበትን ይቆጥራል፤ የት ዘምቶ ማንን እንደጣለ፣ አዳኝም ከሆነ አንበሳውን፣ ዝሆኑን፣ ጎሹን። በመጨረሻ ለሚመጣው ዘመቻ ምን እንደሚሠራ ለጌታው ቃል ይገባል። ጥሪው፣ ማንነቱ፣ ሥራው፣ መሐላው በዚህ ቅደም ተከተል መምጣታቸው ስለ አመጣጡ ብዙ ይነግረናል።

የፉከራ ዋና ቤቱ የግብር አዳራሽ ነበር። የቀድሞው የኢትዮጵያ ጦር እንደ ዛሬው በወር ደመወዝ የሚያድር አልነበረም። ወታደሩ የሚኖረው በጌታው ማዕድ፣ በሚሰጠው መሬትና ገባር፣ ሲዘምትም በምርኮ ነው። ጌታው ጠጁንና ጥሬ ሥጋውን አቅርቦ ሰዉን ያበላል፤ ሰዉም በተራው ማን መሆኑን ይናገራል። ያንን የሚሰሙት አብረውት የዘመቱ ጓደኞቹ ናቸው። ሐሰት ቢናገር አጠገቡ የተቀመጠው ያውቃል፤ እውነት ከተናገረ ደግሞ በቅሎ፣ ለምድ፣ ጎራዴ ወይም ሹመት ሊያገኝ ይችላል። መዝገብ ባልነበረበት ጦር ውስጥ የአንድ ተዋጊ የአገልግሎት ታሪክ የሚቀመጠው በዚህ መንገድ ነበር። ከድል በኋላም እንዲሁ ነው፤ ተዋጊው በጌታው ፊት ቀርቦ ግዳይ ይጥላል፤ ይፎክራል። ግዳዩ አንዳንድ ጊዜ ከሟች አካል የተቆረጠ ሰለባ ነበር፤ ይህን መሸፈን ለታሪክ አይጠቅምም።

ዘራፍ የሚለው ቃልም የዚያን ዘመን ጦር አኗኗር ሳያስታውስ አይቀርም። ከ«ዘረፈ» ጋር ያለው ዝምድና ከቅርጹ ይታያል። ለወታደሩ ምርኮ የድካሙ ዋጋ ነበር። ለገበሬው ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ጦሩ በደረሰበት ሁሉ ጎተራው የሚገለበጠው፣ በሬው የሚታረደው የእሱ ነበር። አፄ ቴዎድሮስ ወታደሩ በደመወዝ እንዲያድርና ዝርፊያ እንዲቀር ብዙ ደክመዋል፤ አፄ ምኒልክም ወታደር በገበሬው ቤት ተመርቶ መቀለቡ እንዲቀንስ አሥራት ደንግገዋል። ስለ ጦር ጩኸቱ ስንኮራ ጩኸቱን በፍርሃት የሰማውንም ሰው ማስታወስ ተገቢ ነው።

አሁን ወደ ፈረሱ እንምጣ፤ ለእኔ የዚህ ታሪክ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ፎካሪው ራሱን የሚጠራው እናቱ ባወጣችለት ስም ሳይሆን በፈረሱ ስም ነው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ ናቸው፤ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። «አባ» እዚህ ላይ የመነኩሴ መጠሪያ አይደለም። በኦሮምኛ አባት ወይም ባለቤት ማለት ነው፤ አባ ዳኘው ማለት ዳኘው የተባለው ፈረስ ጌታ ማለት ነው።

ልማዱ የተስፋፋው ከኦሮሞ ፈረሰኞች ጋር መሆኑን የጊቤ መንግሥታት ታሪክ በግልጽ ያሳያል። እዚያ የፈረስ ስም የጦር ሜዳ ቅጽል ብቻ አልነበረም፤ ንጉሡ የሚታወቀው በሱ ነበር። የሊሙ እናርያው አባ ባጊቦ፣ የጅማው አባ ጎሞል፣ ከ1870ዎቹ ጀምሮ ጅማን ለረጅም ዘመን የገዙት አባ ጅፋር፣ ሁሉም በፈረስ ስማቸው የተጠሩ ናቸው። ዛሬ በጅማ አባ ጅፋር እግር ኳስ ክለብ ስም የሚጨፍረው ደጋፊም ሳያስበው የአንድ ፈረስ ስም ይጠራል። የኦሮሞው ጌራርሳ፣ ጀግናው ሥራውን እየቆጠረ የሚያዜመው፣ ከአማራው ፉከራ ጋር የቅርብ ዘመድ ነው። የጎንደር ቤተ መንግሥት ከኦሮሞ መኳንንት ጋር በጋብቻና በጦር ከተሳሰረ፣ በኋላም የየጁ ራሶች ሥልጣኑን ከያዙ ወዲህ፣ ፈረሰኛውም የፈረስ ስሙም የሁሉም ሆነ። ስለዚህ «ይህ የእኛ ብቻ ነው» የሚል ወገን ካለ ታሪኩን አላነበበም።

የፈረስ ስም አወጣጡ ሁለት ዓይነት ነው። አንዳንዱ ከፈረሱ ቀለም ይወሰዳል፤ አባ ቦራ እንደሚባለው። ታላላቆቹ ግን ብዙውን ጊዜ ትእዛዝ ወይም ምኞት ናቸው። ታጠቅ፣ ዳኘው፣ በዝብዝ፣ ጠቅል፤ እያንዳንዱ ሰውየው ሊሆን ወይም ሊያደርግ የሚፈልገውን ይናገራል። አፄ ኃይለ ሥላሴ አባ ጠቅል መባላቸው አገሩን ሁሉ በአንድ እጅ ለመያዝ ለሠሩት ንጉሥ የተስማማ ነው።

በጦር ሜዳ ላይ ደግሞ ይህ ስም ከክብር ያለፈ ሥራ ነበረው። የዚያን ዘመን ጦር መለዮ አልነበረውም። በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሠራዊት ሲጋጠሙ ሁለቱም ወገን ነጠላ የለበሰ፣ ጋሻና ጦር የያዘ፣ አንድ ዓይነት ፈረስ የጋለበ ነው። የዕለቱን ውጊያ ከወሰኑት አንዱ አባ ጥጉ የተባሉት ራስ ጎበና የመሯቸው የኦሮሞ ፈረሰኞች ናቸው። በእንዲህ ያለ ውጊያ፣ አቧራው ሰማዩን ሲሸፍነው፣ ወዳጅና ጠላት የሚለየው በድምፅ ነው። የጌታውን የፈረስ ስም የሚጠራ ሁሉ ወገን ነው፤ ስሙ ወደተጠራበት ይሰበሰባል። ጌታው ቢወድቅ ጥሪው ይቆማል፤ ጥሪው ሲቆምም ጦሩ ይፈታል። በየአገሩ ያሉ የጦር ጩኸቶች ብዙዎቹ ከዚህ ዓይነት ችግር የተወለዱ ይመስለኛል፤ የእኛን ልዩ የሚያደርገው ግን የፈረሱን ስም መያዙ ነው።

ስሙ ባለቤቱ ሲሞትም አይቀርም ነበር። ጀግና ሲሞት ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጦሩ ተይዞ ለቅሶው ላይ ይዞራል፤ አልቃሽ በፈረስ ስሙ ታነሣዋለች፤ ጓደኞቹም ይፎክሩለታል።

መትረየስና መድፍ ሲመጡ የፈረስ ግልቢያ ውጊያ አከተመ። ፉከራው ግን አልሞተም፤ ቦታ ቀየረ። ጣሊያን ሊወር ሲዘጋጅ፣ በ1927 ዓ.ም. ክረምት፣ የሀገር ፍቅር ማኅበር አዲስ አበባ ላይ ተቋቁሞ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ መቀስቀስ ጀመረ፤ የዛሬው የሀገር ፍቅር ቴአትር ከዚያ የበቀለ ነው። በአምስቱ ዓመት የአርበኝነት ዘመን ጎጃም ውስጥ በላይ ዘለቀ አባ ኮስትር እየተባለ ተዋጋ። ቀረርቶና ሽለላም በኋላ በሬዲዮና በመድረክ የሙያ ዘፋኞች የሚጫወቱት ሆነ፤ ዛሬ ብዙዎቻችን የምናውቀው ይህንኑ ነው።

የፈረስ ስሙም ቀጠለ፤ በ1943 ዓ.ም. ወደ ኮሪያ የዘመተው የክብር ዘበኛ ጦር ቃኘው ሻለቃ ተባለ። ቃኘው የአፄ ኃይለ ሥላሴ አባት የራስ መኮንን የፈረስ ስም ነው። በዚህ ስም ከዘመቱት 121 ወታደሮች ኮሪያ ላይ ወድቀዋል። አስመራ የነበረው የአሜሪካኖች የመገናኛ ሰፈርም ቃኘው ይባል ነበር፤ እዚያ ካገለገሉት አሜሪካውያን ስንቶቹ የራስ መኮንን ፈረስ ስም መሆኑን እንዳወቁ እጠይቃለሁ። በ1969 ዓ.ም. ደርግ ሚሊሻውን ያሠለጠነበት ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው ሰፈርም ታጠቅ ተባለ፤ የቴዎድሮስ ፈረስ ስም። ንጉሡን ያወረደ መንግሥት እንኳ ጦር ሲያስነሣ የንጉሥ ፈረስ ጠራ።

ይህን ሁሉ በየቦታው ተበትኖ ለምን እናገኘዋለን ቢባል፣ ስሞቹን በጊዜ የሰበሰበ ጥቂት ሰው ስለሆነ ነው። የ«ዝክረ ነገር» መጽሐፍ አዘጋጅ ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1960ዎቹ የፈረስ ስሞችን ለቅመው በጥናት መልክ አሳትመዋል፤ ባለውለታችን ናቸው። እሳቸው ያልደረሱባቸው የየቀበሌው ባላባት፣ የየወረዳው ጭቃ ሹም፣ ዐድዋ ዘምቶ የተመለሰው ተራ ገበሬም የፈረስ ስም ነበራቸው። በቤትዎ «አያታችን አባ እገሌ ይባሉ ነበር» የሚሉ አረጋዊ ካሉ፣ ስሙን ይጠይቁ፤ ፈረሱ ምን ዓይነት ቀለም እንደነበረው፣ ስሙን ማን እንዳወጣው፣ የት የት እንደዘመቱበትም ይጨምሩ። በስልክዎ ድምፃቸውን ይቅረጹ፤ በወረቀት ይጻፉ። ሊፎክሩልዎት ፈቃደኛ ከሆኑ ደግሞ እስከ መጨረሻው ያዳምጧቸው።